ቤታችንን ለገዢ ያሳየሁ ዕለት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? ካየሁሽ ወዲህ እንዴት ነሽ? ደረጃ ስትወጪ ይነዝርሽ የነበረው ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ትንፋሽሽስ፣ አሁንም እንደዚያ እያጠረ ያስቸግርሻል ወይስ ተወሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ያለሽበት አገር ይበርዳል ወይስ ይሞቃል? ያንን አመድማ ሹራብሽን ቁም ሣጥን ውስጥ ሳገኘው፣ ሳትለብሺው መሄድሽ ከሁሉ በላይ ቆጨኝ።

ባለፈው ሳምንት ይህን ደብዳቤ ስጀምር አክስታችን በትከሻዬ በኩል አየችኝና «የኔ ልጅ፣ የሞተ ሰው ጤናው አይጠየቅም። እሷ አሁን ካንተም ከእኔም ይልቅ ደህና ናት» አለችኝ። እውነቷን ይሆናል። እኔ ግን ጤና ሳይጠየቅ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ያስተማርሽኝ አንቺው ነሽ፤ «መጀመሪያ የሰውን ጉልበትና ሆድ ጠይቅ፤ ጉዳይህ የትም አይሄድብህም» ትዪ ነበር። ስለ እኔ የጠየቅሽኝ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ በደብዳቤው ላይ «ከናፍቆትሽ በስተቀር ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል። እኔም ጻፍኩትና መልሼ ሰረዝኩት። ናፍቆቱን ካስቀረሁት የሚተርፈው እኔ የትኛው እንደሆነ አልገባኝም።

የምጽፍልሽ ስለ ቤታችን ነው። ቤታችን ተሸጧል እታለም። ማን ሸጠው ካልሽኝ፣ እኔ ሳልሆን አልቀርም። እንዴት እንደሆነ ግን ለራሴም አልጠራልኝም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርሽና አንቺ ፍረጂ።

አንቺን ቀብረን ከተመለስን በኋላ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሰነበተ። ምን ያህል ሰው ያውቅሽ እንደነበረ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በድለላ ሥራሽ ቤት ያገዛሻቸው፣ ቤት የሸጥሽላቸው፣ ሰፈሩን ሁሉ አዙረሽ አሳይተሻቸው ምንም ሳይገዙ የቀሩት ሳይቀሩ መጡ። የሚያለቅሱት ከአንጀታቸው ነው፤ በዚያ አልጠራጠርም። ዓይናቸው ግን ሌላ ሥራ ነበረው። አንዷ ሴትዮ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ «እንዲህ ያለች ለሰው አሳቢ» እያለች ስታነባ፣ በአንድ እጇ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ የባቡር ጣቢያው ከመስኮቱ ይታይ እንደሆነ አየች። አንድ ሰውዬ ደግሞ እጄን ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ፣ ወንድ ልጅ ነህ፣ በርታ» ካለኝ በኋላ እጄን ሳይለቅ «ይሄ ግድግዳ ጡብ ነው ብሎኬት?» ብሎ ጠየቀኝ። ብሎኬት ነው አልኩት። ልቆጣው ይገባኝ ነበር ወይስ መልስ መስጠቴ ልክ ነው? አላወቅኩም። ጥያቄው አንቺ ስትጠየቂው የኖርሽው ስለሆነ መልሱ በራሱ ጊዜ ወጣ።

ይህ ሁሉ የባቡሩ ጣጣ ነው። ይህን ኮንዶሚኒየም ስትገዢ ሰው ሁሉ «ምን ነካሽ፣ ከከተማ ወጥተሽ ከጅብ ጋር ልትኖሪ ነው?» እያለ ይስቅብሽ እንደነበር ትነግሪኝ ነበር። ዛሬ ያው ሰው «መሐል ከተማ ነው» ይላል። ቤቱ እኮ ከቆመበት ስንዝር አልተነቃነቀም፤ ደረጃው ያው ነው፣ በረንዳው ያው ነው፣ የኔ መኝታ መስኮት አሁንም አይዘጋም። እዚያው ቆሞ እንዴት ወደ ከተማው እንደቀረበ የሒሳብ መምህራችንን ጠየቅኩት። «ርቀት ማለት ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ነው፤ ባቡር ሲመጣ ሩቁ ቅርብ ይሆናል» አለኝ። ታዲያ አንቺ ያለሽበት ሩቅ ነው ወይስ ቅርብ? ይህን ግን አልጠየቅኩትም።

ለቀስተኛው እየሳሳ ሲሄድ አክስታችን አጠገቧ አስቀመጠችኝ። «ልጅ ብቻውን ቤት ይዞ አይቀመጥም» አለችኝ። «እኔም የራሴን ልጆች ለጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት። ቤቱ ይሸጥ፤ ገንዘቡ እስክታድግ ባንክ ይቀመጥልህ፤ አንተ እኔ ዘንድ ና።» ቢከራይስ አልኳት። «ከሌላ ከተማ ሆኜ ተከራይ ላባርር? እኔ የራሴን ልጆች አልቻልኩም» አለችኝ። እሷ ስትናገር እሷ ልክ ትመስለኛለች፤ ያንቺ ክፍል ስገባ ደግሞ እኔ ልክ እመስለኛለሁ። ኮሪደሩ ላይ ስቆም ሁለታችንም ልክ አይደለንም።

ቤቱን የሚያሻሽጥ ደላላ ተብሎ የመጣው ማን ይመስልሻል? አምስት ደቂቃ። ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ዛሬም የሚሸጠው ቤት ሁሉ ከባቡር ጣቢያው አምስት ደቂቃ ነው፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሳይቀር። በቀብርሽ ላይ ከሁሉ በላይ ጮኾ ያለቀሰው እሱ ነው። «እህቴ ነበረች፣ አንድም ቀን ክፉ አልተነጋገርንም» ሲል ሰምቼ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ፤ በአንድ ገዢ ተጣልታችሁ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ጃንጥላሽን ያነሳሽበት ቀን የት ሄደ? ነገር ግን እንባው እውነተኛ እንባ ነበር፤ ከአፍንጫው ጋር ተቀላቅሎ አይቼዋለሁ። ሰው ሲዋሽም ከልቡ ሊያለቅስ ይችላል ማለት ነው?

ደላላው ቤቱን ዞሮ ካየ በኋላ ለአክስታችን ትእዛዝ ሰጣት። ገዢ የሚገባው ባቡር ካለፈ በኋላ ነው፣ ሌላው ሳይመጣ መውጣት አለበት። መኝታ ክፍል ያለው ሻጋታ ላይ ቁም ሣጥኑ ይጠጋበት። ሰው እዚህ ቤት ሞቷል የሚል ቃል እንዳይወጣ፤ «ያን የሰማ ገዢ ደረጃውን አይቆጥርም፣ ይዘላል» አለ። ወደ እኔ ዞሮም «አንተ ትምህርት ቤት ሂድ» አለኝ። ቅዳሜ ነው አልኩት። «እንግዲያው አፍህን እንደ ቦርሳ ዝጋው» አለኝ።

እታለም፣ እኔ አፍ መዝጋት ካንቺ አልተማርኩም። ይኸው ነው የደረሰብኝ። በዚህ ሕንፃ ቤት የሚፈልግ ገዢ መጀመሪያ ወደኛ ቤት ይዘሽ ስትመጪ «ባቡሩ እስኪያልፍ ይጠብቁ» ብለሽ ሰውን እንደ ቲያትር ተመልካች ታስቀምጪ ነበር። እኔን ወደ ላይኛው ፎቅ ትልኪኝና «እንደ ፍየል ዝለል» ትዪኛለሽ፤ የጎረቤት ኮቴ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚሰማ ገዢው እንዲያውቅ። «እንከኑን ራሱ ካገኘው ሌባ ነህ፣ ቀድመህ ከነገርከው ሰው ነህ» ያልሽኝ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። በዚህ ምክንያት ስንት ገዢ እንደበረረብሽ አምስት ደቂቃ ጓደኞቹን ሰብስቦ እያወራ ይስቅ ነበር። ያገዛሽው ሰው ግን መንገድ ላይ ሲያይሽ አንገቱን አያዞርም ነበር።

ገዢዋ ነርስ ናት። ቀጭን ሴት፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ ከሌሊት ተረኝነት በቀጥታ የመጣች፤ ዓይኗ ደፍርሷል። አምስት ደቂቃ ከበሩ ጀምሮ ሲለፈልፍ ገባ። «ከጣቢያው አምስት ደቂቃ አልኩዎት አይደል? ደግሞ ፀጥታው! ይሄ ቤት ድምፅ የሚባል ነገር አያውቅም።» ነርሷ «እኔ ቀን ቀን ነው የምተኛው፣ ፀጥታ እፈልጋለሁ» አለችው። «እንግዲያማ መሐንዲሱ እርስዎን አስቦ ነው የሠራው» አላት።

እኔ በረንዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። ሴትዮዋ ያንቺን መጋረጃ ነካ አድርጋ ስታልፍ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባሁ። እንድትሄድልኝ ፈልጌ ነው? ወይስ አንቺ ኩሽና ውስጥ ሆነሽ የምትሰሚ መስሎኝ ነው? እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ብቻ «ባቡሩ እስኪያልፍ ይጠብቁ» የሚል ቃል ከአፌ ወጣ።

ደላላው አፈጠጠብኝ። ነርሷ ቆመች። ባቡሩ መጣ፤ መጀመሪያ ወለሉ፣ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ተንቀጫቀጩ። አምስት ደቂቃ ድምፁን ሊሸፍን ሳል ጀመረ። ባቡሩ ረጅም ስለነበር ሳሉም ረዘመ፤ ሲያበቃ ፊቱ ቀልቶ «ጉንፋን ይዞኝ ነው» አለ። ነርሷ እሱን ትታ ወደ እኔ ዞረችና «ሌላስ?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ራሴን ማቆም አቃተኝ። መኝታ ክፍል ገብቼ ቁም ሣጥኑን በትከሻዬ ገፋሁና ሻጋታውን አሳየኋት። ክረምት ላይ ከዚህም እንደሚሰፋ፣ ብትቀባውም ተመልሶ እንደሚወጣ፣ የኔ መኝታ መስኮት እንደማይዘጋ፣ ውሃም እየጠፋ እንደሚያስቸግር ነገርኳት። «አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብዬ ወደ ላይኛው ፎቅ ሮጥኩ። የላይኛዋ ጎረቤታችን በሩን ከፍታ ስታየኝ ምን ልሠራ እንደመጣሁ ገባት። «እህትህ ካረፈች ወዲህ የሚዘልብን ጠፍቶ ነበር፣ ግባ» አለችኝ። ዘለልኩ። ልጆቿም አብረውኝ ዘለሉ። ስወርድ አክስታችን ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች፤ ታልቅስ ትሳቅ አልለየሁም። አምስት ደቂቃ «ይሄ ልጅ ሻጭ ነው ወይስ ከሳሽ?» ይላል።

ነርሷ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለችኝ። እህቴ አልኳት። የት ናት ስትለኝ አምስት ደቂቃ ቀደመኝና «ራቅ ያለ አገር ናት» አላት። እኔም «እዚህ ክፍል ውስጥ ነው የሞተችው» አልኩ። «አልጋዋ ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ነበር።» ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አምስት ደቂቃ ዓይኑን ጨፈነ። አክስታችን ስሜን ጠራች።

አሁን ይህች ሴት ትሄዳለች ብዬ ጠበቅኩ። ትሄድና ቤቱም ለጊዜው የኛ ሆኖ ይቀራል። እሷ ግን ወደ መስኮቱ ሄዳ ቆመችና «ሰው ያልሞተበት ክፍል ውስጥ ሠርቼ አላውቅም» አለች። «እስካሁን ያሳዩኝ ቤቶች ሁሉ አንድም እንከን የላቸውም ተባልኩ። እኔን የሚያስፈራኝ እንደሱ ያለው ቤት ነው።» ቀጥላም ትንሽ ልቀመጥ አለችና ጫማዋን አውልቃ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ የሚቀጥለውን ባቡር ልትሰማ ነው። ባቡሩ መጣ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ዓይኗን ጨፍናለች። የምታስብ መስሎን ሁላችንም ቆመን ጠበቅናት። ባቡሩ አልፎም አልገለጠችውም። አክስታችን ጎንበስ ብላ አየቻትና «ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ። አምስት ደቂቃ ኮቱን አስተካክሎ፣ እሱም በሹክሹክታ፣ «ሸጥነው» አለ።

እውነትም ተሸጠ። ስትነቃ አፍራ ተነሣችና ይህንኑ ቤት ነው የምፈልገው አለች። አምስት ደቂቃ ደረጃው ላይ ጭንቅላቴን እያሻሸ «ትምህርትህን ስትጨርስ እኔ ዘንድ ና» አለኝ። ያን ማታ እራት አልወረደልኝም። ቤታችንን ላድን ስል ነው የሸጥኩት? ወይስ ገና በሩ ሲከፈት አሳልፌ ሰጥቼው ነበር? ወይስ የሸጥሽው አንቺ ነሽ? አክስታችንን ብጠይቃት «እህትህ ጥሩ አድርጋ አሳድጋሃለች» አለችኝ። ይህ መልስ ነው ወይስ ማባበያ፣ እሱንም አላወቅኩም።

አንድ በር ገና ክፍት ነበር። ቤቱ ውርስ ስለሆነና ወራሹ እኔ ስለሆንኩ፣ አክስታችን ብትፈርምም የእኔ ቃል ይጠየቃል ተባለ። ውል በሚፈረምበት ቢሮ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሹም «ልጄ፣ ቤቱ እንዲሸጥ ተስማምተሃል? ያስገደደህ ሰው አለ?» አለኝ። ነርሷ ከጎኔ ናት፤ ዛሬም ዓይኗ ደፍርሷል። አክስታችን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች። አይ ብል ማንም አያስገድደኝም፤ ያን አውቃለሁ። አይ ለማለት አንድ ምክንያት ፈለግኩ፤ ያልነገርኳት አንድ እንከን ብትቀር ያቺን እይዝ ነበር። ሁሉን ተናግሬ ጨርሻለሁ። አይ ካልኩም እኔ ከአክስታችን ጋር እሄዳለሁ፣ ቤቱ ተዘግቶ ይሻግታል። «ተስማምቻለሁ፤ ግን ፈተናዬን እስክጨርስ እዚያው ልቆይ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ። ነርሷ «የኪራይ ቤቴ ውል እስኪያልቅ እኔም አልቸኩልም» አለችና ጉዳዩ አለቀ።

አክስታችን ብቻዬን ጥላኝ መሄዱን አልዋጥ ብሏት ሰነበተች። በመጨረሻ የላይኛዋ ጎረቤት «ጠዋትና ማታ በሩን አንኳኳለሁ፣ ራቱን ከልጆቼ ጋር ይበላል፤ አንቺ ልጆችሽ ጋ ሂጂ» ብላ አሳመነቻት። ትናንት ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት። ባቡሩ ሲነሣ በመስኮቱ ብዙ ነገር ነገረችኝ፤ መስታወቱ ዝግ ስለነበር አንዱንም አልሰማሁም። ለሁሉም እሺ አልኳት።

ሰላምታ ያሉሽን ሰዎች ላድርስ። አክስታችን «ልጁን አልጣልኩትም፤ እንዳትቀየሚኝ» ብላሻለች፤ እንደማትቀየሚያት ነግሬያታለሁ። አምስት ደቂቃ «ጃንጥላዋን ረስቼላታለሁ በልልኝ» ብሏል። የላይኛዋ ጎረቤትና ልጆቿ ሰላም ይሉሻል፤ ትንሹ ልጅ አሁንም አልፎ አልፎ በራሱ ይዘላል፣ ማንም ሳያዘው። ነርሷ አታውቅሽም፤ ነገር ግን ስላንቺ ጠይቃኝ ብዙ ነግሬያታለሁና ሰላምታዋን እኔ ጨምሬበታለሁ። አንቺም እዚያ ላሉት ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማማን ጉልበቷን ስሚልኝ። አባባ እኔን የሚያውቀኝ በጨቅላነቴ ስለሆነ ቁመቴን በእጅሽ አሳዪው፤ ካንቺ ትከሻ በላይ አድርጊው።

ደብዳቤውን እዚህ ላይ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ብቻዬን ስነቃ የመጀመሪያዬ ስለሆነ እሱን ሳልነግርሽ መዝጋት አልሆነልኝም። ገና ሳይነጋ ቧንቧው ሲያፏጭ ሰማሁ፤ ውሃ መጥቷል። ሰሞኑን ጠፍቶ ነበር። ማንም ሳይጠራኝ ተነሥቼ ባልዲውን ሞላሁ፣ ጀሪካኖቹን ሞላሁ፣ ድስቶቹን፣ ሳፋውን፣ ማሰሮውን፣ ማንቆርቆሪያውን እስከ አፉ ሞላሁ። ሻይ ላፈላ ስል ባዶ ዕቃ የለም። ለአንድ ሰው ሻይ ምን ያህል ውሃ እንደሚበቃ አላወቅኩም። ማንቆርቆሪያውን አነሣሁና የሚተርፈውን የማስቀምጥበት ስላጣሁ ፊቴን ታጠብኩበት፣ አንገቴንም፣ እጄንም እስከ ክርን። ከታች አንድ ብርጭቆ የምታህል ስትቀር ጣድኳት። ወዲያው ፈላች። ቆሜ ጠጣሁ፤ ብርጭቆውን አጥቤ ደፋሁት፤ ደብተሮቼን ይዤ በሩን ቆለፍኩ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከአራተኛ ፎቅ፣ ሰኞ ዕለት